ዘ ሪጅስ ወይስ ማክዶናልድ ሃይላንድስ? ከበሩ በፊት ቦታውን ይዩ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ላስ ቬጋስ ውስጥ ሁለት ቤቶች መርጠን መወሰን አቅቶናል። አንዱ ሰመርሊን፣ ዘ ሪጅስ ውስጥ ነው፤ ሌላው ሄንደርሰን፣ ማክዶናልድ ሃይላንድስ ውስጥ። ሁለቱም ቀንና ሌሊት ጠባቂ የሚቆምበት በር አላቸው፤ ዋጋቸውም ሦስት ሚሊዮን ዶላር ግድም ነው። የማክዶናልዱ ቤት ከሳሎኑ የስትሪፑን (የካዚኖዎቹን ዋና ጎዳና) መብራት ፊት ለፊት ያሳያል። እናቴ አብረውን ይኖራሉ፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ እንግዳም ይበዛብናል። የቱን እንግዛ?»

በነገሩን ብቻ ልፍረድ ከተባለ፣ ዘ ሪጅስን ይግዙ እላለሁ። ይህን የምለው ግን ለመንደሩ ስም ብዬ አይደለም። ሁለቱም በበረሃ ተራራ ግርጌ እየተቆረጠና እየተሞላ የተደለደለ መሬት ላይ የቆሙ ናቸው። በእንዲህ ያለ መሬት በአንድ መንገድ ላይ ባሉ ሁለት ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱ መንደሮች መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በሁለቱም ቤቶች ላይ ይፈትሹ፤ ውጤቱ ፍርዴን ከገለበጠው ውጤቱን ይመኑ።

ከፀሐይ ልጀምር፤ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዘ ሪጅስ ያለው በሸለቆው ምዕራብ ጫፍ፣ ከሬድ ሮክ ካንየን በታች ነው። ስትሪፑ ወደ ምሥራቅ ይታየዋል። ማክዶናልድ ሃይላንድስ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ፣ በማክካሎ ተራሮች ተዳፋት ላይ ስለሆነ ስትሪፑን የሚያየው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ በኮምፓስ 320 ዲግሪ አካባቢ። በላስ ቬጋስ በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው 300 ዲግሪ ላይ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ የመብራቱን እይታ የሚሰጠው ያ ትልቅ መስታወት በሞቃቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይን ፊት ለፊት ይቀበላል ማለት ነው። ሸለቆው በጁላይ 7 ቀን 2024 አውሮፕላን ማረፊያው ላይ 120 ፋራናይት የተመዘገበበት ነው፤ ያን ያህል ባይሆን እንኳ ከ105 በላይ የሆነ ቀን በጁላይ የተለመደ ነው።

ተንኮሉ ያለው ቤቱን በሚያዩበት ወቅት ላይ ነው። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው 240 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ደቡብ ምዕራብ ነው። ወደ 320 ዲግሪ የሚያይ መስታወት ያኔ ፀሐይ አይነካውም ማለት ይቻላል። በገና ሰሞን ያንን ሳሎን ያየ ሰው ቀዝቃዛና ብሩህ ሆኖ ያገኘዋል፤ በጁላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ እግር የሚቆም አይሆንም። የስልክዎን ኮምፓስ ይክፈቱ፣ ጀርባዎን ለመስታወቱ ሰጥተው ወደ ውጭ ይቁሙ፣ ቁጥሩን ይጻፉት። ከ230 እስከ 330 ባለው ውስጥ ከወደቀ የከሰዓት ፀሐይ አለብዎት።

ይህ ለሪጅሱም ይሠራል። እዚያ ጓሮው ወደ ስትሪፑ ካየ ቤቱ ራሱ ከሰዓት በኋላ ለጓሮው ጥላ ይሆነዋል፤ እናትዎ ማታ ማታ ውጭ ቡና ሊጠጡ ይችላሉ። ጓሮው ወደ ሬድ ሮክ ካየ ግን የምዕራብ ፀሐይ ነው፤ ከማክዶናልዱ ቤት ሊብስም ይችላል። ያንን ቤት የሸጠልዎ ሰው ስለ ተራራው ውበት እንጂ ስለዚህ አይነግርዎትም።

መፍትሔ የለውም አልልም። የጣሪያ ክፈፍ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ዝቅ ብላ የመጣችን ፀሐይ ሁለት ሜትር ክፈፍ አያቆማትም። ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃም ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው የሚከለክለው። የሚሠራው ከመስታወቱ ውጭ በሞተር የሚወርድ ጥላ ነው። እሱን ለመስቀል የመንደሩ የዲዛይን ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጨርቁን ቀለም ሳይቀር ሊወስኑ ስለሚችሉ ግዢውን ከማጠናቀቅዎ በፊት ደንቡን ያንብቡ። መስታወቱንም ይጠይቁ፦ የፀሐይ ሙቀት የማሳለፍ መጠኑ 0.25 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ምልክቱ ከመስታወቱ ላይ ቀድሞ ስለሚነሣ ከግንባታ ፕላኑ ወይም ከደረሰኙ ይፈለጋል።

ከፀሐይ ቀጥሎ መሬቱ ነው። ተዳፋት ሲደለደል ከላይ ያለው ተቆርጦ ታች ያለው ይሞላል። ቤቱ ግማሹ ጠንካራ ድንጋይ ላይ፣ ግማሹ ሙሌት አፈር ላይ ከወደቀ፣ ሙሌቱ በዓመታት ሲረጋ ስንጥቁ የሚወጣው በመገናኛው መስመር ላይ ነው። የመሬት ድልዳሎ ፕላኑንና የአፈር ምርመራ ሪፖርቱን ከሻጩ ይጠይቁ። ሻጩ ከሌለው፣ የማክዶናልዱን ከሄንደርሰን ከተማ፣ የሪጅሱን ከክላርክ ካውንቲ የሕንፃ ክፍል ይፈልጉ። ሪጅስ ያለው ሰመርሊን ሳውዝ ውስጥ ስለሆነ አድራሻው ላስ ቬጋስ ቢልም ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። ፖሊሱም በዚያው ይለያል፦ ሪጅስ ሜትሮ ፖሊስ፣ ማክዶናልድ የሄንደርሰን ፖሊስ።

ቤቱን የሚመረምረው ባለሙያ (ኢንስፔክተር) ከመምጣቱ በፊት ራስዎ የሚያደርጉት አንድ ፍተሻ አለ። የመዋኛ ገንዳው ጋ ይሂዱ። ውሃ ሁልጊዜ ልኩን ይጠብቃል፤ ገንዳው ከተንቀሳቀሰ ግን ጠርዙ ያዘነብላል። በሜትር ከውሃው ወለል እስከ ሸክላው የላይኛ ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ይለኩ። ቁልቁለቱ ወዳለበት ያለው ጎን ከተራራው ጎን በግማሽ ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ከተለየ፣ ኢንስፔክተር ሳይሆን የስትራክቸር መሐንዲስ ይጥሩ። በተለይ ውሃው ከጠርዝ እየፈሰሰ የሚሄድ ገንዳ ከሆነ ማዘንበሉ ወዲያው ይታያል፤ ውሃው በአንድ ጫፍ ብቻ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚወጡ ስንጥቆችን ይዩ። የፀጉር ያህል የቀጠነው ኖራው ሲደርቅ የሚያመጣው ነው፤ ሩብ ኢንች የደረሰ ወይም አንዱ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ያለ ስንጥቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደጋፊ ግንቡን አይርሱ። በተዳፋት ላይ ያለ ቤት ዋጋው ግማሹ ግንብ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ከግርጌው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች መኖራቸውን፣ በጠጠር አለመደፈናቸውን ይዩ። ነጭ ጨው ካወጣ ከጀርባው ውሃ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ላይኛው ጎረቤት ግንቡ ሥር ያስገባው የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ነው። የዚህ ሸለቆ አፈር ብዙ ሰልፌት አለው፤ እርጥበት ካገኘ ኮንክሪትን ይበላል። ለዚህ ነው እዚህ ሰልፌት የሚቋቋም ዓይነት 5 ሲሚንቶ የሚጠቀሙት። ግንቡ የማን እንደሆነም ከወሰን ካርታው ላይ ይረጋገጥ፦ የእርስዎ፣ የጎረቤት፣ ወይስ የመንደሩ ነዋሪዎች ማኅበር? የወደቀ ግንብ ማሠሪያ በመቶ ሺህ ዶላር ሊቆጠር ይችላል፤ መደበኛ የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ የመሬት መንሸራተትን አይሸፍንም።

ጋራዡ ወለል ላይ «ወለሉ ውጥረት ያለበት ገመድ አለው፣ አትቁረጡ፣ አትብሱ» የሚል ማኅተም ካዩ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ በኃይል የተወጠሩ የብረት ገመዶች አሉ። ችግር አይደለም፤ እዚህ የተለመደ ነው። ግን ለእናትዎ መታጠቢያ ቤት ወለል ቆርጠን ቧንቧ እናዞራለን ብለው ካሰቡ፣ ገመዶቹን በመሣሪያ ፈልጎ የሚያሳይ ባለሙያ ሳይመጣ ማንም መሰርሰሪያ አያሳርፍ።

ጎርፍ። በረሃ ነው ብለው አይናቁት። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር የሚመጣው ዝናብ ተራራው ላይ ወርዶ በደቂቃዎች ውስጥ ደረቁን መውረጃ ይሞላዋል፤ በጁላይ 8 ቀን 1999 ሸለቆውን ያጥለቀለቀው እንዲህ ያለው ነው። የክልሉ የጎርፍ መቆጣጠሪያ ዲስትሪክት በ1985 ከተቋቋመ ወዲህ ትልልቅ ማቆያ ገንዳዎች ተሠርተዋል፤ ሁለቱም መንደሮች ከቀድሞው የተሻለ ጥበቃ አላቸው። ቢሆንም አድራሻውን በጎርፍ ካርታው ላይ ይዩ፤ ጓሮዎ ከተራራው በኩል ከሆነ የሚወርደው ውሃ በየት እንደሚያልፍ በእግርዎ ይሂዱበት። ከቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያው 10 ጫማ ውስጥ ቢያንስ 6 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። የአትክልት ቱቦ ከፍተው ጓሮው ማፍሰሻ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያፍስሱ፤ ካልጠለቀ ቱቦው በጠጠር ተደፍኗል። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለሕንፃው እስከ 250,000 ዶላር ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተገዝቶ 30 ቀን እስኪያልፍ አይሠራም። ለዚህ ዋጋ ቤት ተጨማሪ ሽፋን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እይታው። ያ የስትሪፕ እይታ የእርስዎ ንብረት ነው ብለው አይግዙት። በኔቫዳ ሕግ የእይታ መብት በጽሑፍ በንብረቱ ላይ ካልሰፈረ የለም። በዚሁ በማክዶናልድ ሃይላንድስ ከጎልፍ ሜዳው ጫፍ ተቆርጦ ለጎረቤት ስለተሸጠ ቁራሽ መሬት የተነሣ ክርክር እስከ ኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2018 ለእይታና ለገመና ሲባል በመሬት ላይ ያልተጻፈ ገደብ አልቀበልም አለ። ስለዚህ ከታችዎ ያለው ቦታ ባዶ ከሆነ፣ እዚያ ላይ የሚሠራው ቤት ጣሪያ እስከ ስንት ጫማ ከፍታ እንደሚፈቀድለት በመንደሩ ሰነድ ላይ ይታይ። ማክዶናልድ ሃይላንድስ ውስጥ ገና ያልተሠራባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይህ ማለት እይታ ብቻ ሳይሆን ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ የሚፈልጥ ማሽንም ጎረቤት ሊሆንዎ ይችላል። ሪጅስ በአብዛኛው ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ጎልፍ ባይጫወቱም ጎልፉ ይመለከትዎታል። በሪጅስ ውስጥ ያለው የጎልፍ ሜዳ፣ ቤርስ ቤስት፣ ለማንም ክፍት ነው፤ በማክዶናልድ ያለው ድራገንሪጅ የግል ክለብ ነው። ቤት መግዛት የክለብ አባል ያደርገኛል ብለው አይገምቱ፤ የመግቢያና የወር ክፍያውን በጽሑፍ ይጠይቁ። በሪጅስ ውስጥ «ክለብ ሪጅስ» የሚባለው መዋኛና ስፖርት ቤት የነዋሪው ነው። ቤቱ ሜዳው ዳር ከሆነ፣ ከመምቻው ቦታ ከ150 እስከ 250 ያርድ ርቆ በቀኝ በኩል ያለው በጣም ይመታል፤ አብዛኛው ተጫዋች ቀኝ እጁን ይጠቀማል፣ ሲሳሳትም ኳሷ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ስቱኮው (የውጭ ግድግዳው ልስን) ላይ ክብ ክብ ጎድጓዳ ምልክት ይፈልጉ። ሜዳ ደግሞ ለዘላለም ሜዳ አይደለም፦ በኩዊንስሪጅ መንደር የነበረው ባድላንድስ የተባለ የጎልፍ ሜዳ ባለቤት ቀይሮ ተዘግቶ ዓመታት የፈጀ ሙግት አስከትሏል።

ስለ ወረቀቱ። በኔቫዳ ሕግ መሠረት ሻጩ የማኅበሩን የሽያጭ ሰነድ ጥቅል ይሰጥዎታል፤ ከተቀበሉበት ቀን በኋላ እስካለው አምስተኛ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላሉ። አምስቱ የቀን መቁጠሪያ ቀናት ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ዓርብ ማታ በኢሜይል ከደረሰ፣ ዓርብ ማታ ማንበብ ይጀምሩ። ጥቅሉ ውስጥ አስቀድመው የሚፈልጉት የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናቱን ነው፤ ማኅበሩ ቢያንስ በ5 ዓመት አንዴ ማሠራት አለበት። መንገዱ፣ በሩ፣ የዝናብ ቦዩ ሁሉ የማኅበሩ የግል ንብረት ነው፤ አስፋልቱን ከተማው አይጠግንልዎትም። መጠባበቂያው ከሚፈለገው ግማሽ በታች ከሆነ አንድ ቀን ልዩ መዋጮ ይመጣል። ከዚያ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውን፣ ከዚያ ማኅበሩ ያለበትን ክስ።

ክፍያው ድርብርብ መሆኑንም ይወቁ። ሪጅስ ውስጥ የሰመርሊን ዋና ማኅበር አለ፣ የሪጅስ ማኅበር አለ፣ አንዳንዱ ክፍል ደግሞ ሁለተኛ በርና ሦስተኛ ማኅበር አለው። ሪልተሩ (የቤት ደላላው) አንዱን ብቻ ጠርቶ «ይኸው ነው» ሊልዎ ይችላል። ለመንገድና ለፍሳሽ የተወሰደ የልዩ ማሻሻያ ዲስትሪክት ዕዳም በቦታው ላይ ሊኖር ይችላል፤ የባለቤትነት ሰነዱን የሚያጣራው ታይትል ካምፓኒ ቀሪውን በቁጥር እንዲያሳይዎ፣ ሻጩ ከፍሎ እንዲዘጋ ወይም ከዋጋው እንዲቀነስ ይጠይቁ። የንብረት ግብሩ በሁለቱም አንድ ዓይነት ስሌት ነው፦ ከታክስ ዋጋው (ካውንቲው ለግብር ከሚተምነው) 35 በመቶው ተወስዶ በየ100 ዶላሩ 3 ዶላር ገደማ። የታክስ ዋጋው 2 ሚሊዮን ቢሆን በዓመት 21,000 አካባቢ ይመጣል። ቤቱን ሲገዙ ካውንቲው የሚልከውን ካርድ ሞልተው ይመልሱ፤ የሚኖሩበት ቤት መሆኑ ከተመዘገበ የግብር ጭማሪው በዓመት ከ3 በመቶ አያልፍም፣ ካልተመዘገበ እስከ 8 በመቶ ሊሄድ ይችላል። ካርዱ ማስታወቂያ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይጥለዋል።

እንግዳ ይበዛብናል ብለዋል፤ እኔ ወደ ሪጅስ ያዘነበልኩት ከፊሉ በዚህ ነው። የሀበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች በብዛት ያሉት ከስትሪፑ በስተምዕራብ ስለሆነ ለዘመድ ሪጅስ ይቀርባል። ሆኖም በር በር ነው። ክርስትና ላይ ስም ዝርዝር አስቀድሞ ይላካል፤ ለቅሶ ግን ቀጠሮ የለውም። በሦስት ቀን ውስጥ ስልሳ መኪና በሩ ላይ ቢሰለፍ ጠባቂው እያንዳንዱን ሰሌዳ ጽፎ፣ ደውሎ ነው የሚያስገባው። ለሁለቱም የማኅበር ቢሮዎች እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ በአንድ ቀን ስንት እንግዳ ማስመዝገብ ይቻላል፣ መንገድ ላይ መኪና ስንት ሰዓት ይቆማል፣ ሌሊት ማሳደር ይፈቀዳል ወይ፣ ጓሮ ውስጥ ድንኳን ለመትከል ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ፣ ከስንት እንግዳ በላይ መኪና አቋቋሚ ሠራተኛ ግዴታ ነው። ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይም እንደ እንግዳ ሆነው በሁለቱም በር ይግቡ፤ ለእንግዳ የተለየ መስመር አለ ወይስ ነዋሪውም ከኋላዎ ተሰልፎ ጥሩንባ እየነፋ ይጠብቃል?

ለእናትዎ ደግሞ የመኪና መግቢያውን ይዩ። ማክዶናልድ ውስጥ ከፍ ያሉት ቦታዎች ቁልቁለታቸው የበረታ ነው። ከመኪና ወርደው እስከ ሳሎን ድረስ ደረጃ ሳይወጡ መድረስ አለባቸው፤ መኝታና መታጠቢያ ቤታቸውም በዚያው ወለል ላይ ይሁን። ሊፍት አለ ቢባል እንኳ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ብለው ይጠይቁ።

ሪጅስ 3,000 ጫማ አካባቢ ስለሆነ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ ግን ይበረታል፣ ጥላና የውጭ ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ትምህርት ቤት በአድራሻ ስለሚወሰን በካውንቲው ትምህርት ዲስትሪክት ገጽ ላይ አድራሻውን አስገብተው ይዩት። ውሃው በሁለቱም ማዕድን የበዛበት፣ ወደ 16 ግሬን (የውሃ ጠጣርነት መለኪያ) የሚደርስ ጠጣር ነው፤ ማለስለሻ ማሽን ከሌለ የውሃ ማሞቂያው ቶሎ ይሞታል። በሪጅስ የላስ ቬጋስ ቫሊ የውሃ ዲስትሪክት በ2023 ከመጠን በላይ ለተጠቀመ በየ1,000 ጋሎኑ 9 ዶላር ተጨማሪ ማስከፈል ጀምሯል፤ ትልቅ ሣርና ገንዳ ያለው ቤት በቀላሉ ይነካዋል። የሻጩን የ12 ወር የውሃና የመብራት ቢል ይጠይቁ።

ኤሲውን በተመለከተ፣ ለ7,000 ካሬ ጫማ ቤት አራት ወይም አምስት የውጭ ማሽን ሊኖር ይችላል። የእያንዳንዱን ሰሌዳ ፎቶ አንሥተው የተሠራበትን ዓመት ያንብቡ፤ በዚህ ሙቀት 12 ዓመት የሞላው ማሽን የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል ብለው በጀት ይያዙ። ውጭው ከ65 ፋራናይት በታች ከሆነ ኢንስፔክተሩ ማቀዝቀዣውን በትክክል ሊፈትን አይችልም። በቀዝቃዛው ወቅት የሚገዙ ከሆነ ውሉ ላይ ሻጩ የአገልግሎት መዝገቡን እንዲያቀርብ ያስገቡ።

ማክዶናልድን የምመርጠው መቼ ነው? ከታች ያለው ቦታ ተሠርቶ ካለቀ፣ የገንዳው ልኬት ከተስተካከለ፣ መግቢያው ለእናትዎ ካልከበደ፣ እና ከሁለታችሁ አንዳችሁ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ወይም ሄንደርሰን የምትሠሩ ከሆነ። ያኔ የቀረው ፀሐይዋ ብቻ ናት፤ እሷም በዋጋ ትፈታለች። ለምዕራብና ለሰሜን ምዕራብ መስታወቶች በሙሉ የውጭ ጥላ የሚያስገጥም ድርጅት አስመጥተው የዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የፍተሻ ጊዜው ሳያልቅ ከኢንስፔክሽኑ ሪፖርት ጋር አያይዘው ለሻጩ ይላኩ፤ ያ ገንዘብ ከዋጋው እንዲቀነስ ወይም በኤስክሮ (ገንዘቡን በመሃል በሚይዘው ገለልተኛ ወገን) በኩል እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ፍተሻው ካለፈ በኋላ የጠየቁትን ሻጩ ባይሰማዎት አይፍረዱበት።